የምኒልክ ቴምብር በ85 ሺህ ብር? ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ማኅተሙን እዩት

ሰሞኑን ማታ ላይ ኢንቦክሳችን ውስጥ አንድ ስክሪንሾት ገባ። ላኪው ወረታ ላይ ባጃጅ የሚሠራ፣ ፔጃችንን ከጅምሩ የሚከታተል ልጅ ነው። ስክሪንሾቱ የቴሌግራም ማስታወቂያ ነው፤ ጥቁር ቴምብር፣ መሃሉ ላይ አንበሳ፣ ጥግ ላይ ሩብ ክብ የሚያህል የማኅተም ቁራጭ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ኦሪጅናል የአፄ ምኒልክ ቴምብር። ከ130 ዓመት በላይ የሆነው። ማኅተም ያረፈበት፣ በጣም ብርቅ። 85 ሺህ ብር። ውጭ አገር ሚሊዮን ያወጣል። ቀብድ 20 ሺህ።»

ልጁ ራሱ የጻፈልን አንድ መስመር ብቻ ነው። «አድሚን፣ ቀብዱን ነገ ልልክ ነው፤ ምን ትላላችሁ?»

ቆይ፣ አልነው። 20 ሺህ ብር ለባጃጅ ሠራተኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር እኛም ቴምብር ሰብሳቢዎች አይደለንም። ያው እንደ ብዙዎቻችሁ ቴምብር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ቢሮ ነው፤ «ቴምብር ገዝታችሁ ኑ» ተብለን ከመስኮት መስኮት የዞርንበት። ግን ጥያቄው ያዘንና ጥቂት ቀን ስናነብ፣ የሚያውቁ ሰዎችን ስንጠይቅ ቆየን። ያገኘነው ነገር ለልጁ ብቻ ከምንመልስለት ለሁላችሁም ብንጽፈው ይሻላል ብለን ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ቴምብርና ማኅተም ሁለት የተለያየ ሥራ ነው ያላቸው። ውል ስትዋዋሉ አይታችሁ ከሆነ፣ ቴምብሩ ከተለጠፈ በኋላ ማኅተሙን የሚመቱት ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ አድርገው ነው። ለምን? ነቅላችሁ ሌላ ወረቀት ላይ እንዳትለጥፉት። ቴምብሩ «ተከፍሏል» ይላል፤ ማኅተሙ ደግሞ «አብቅቷል፣ ሁለተኛ አይሠራም» ይላል። የፖስታ ቴምብርም እንደዚሁ ነው።

ይሄ ነገር የተጀመረው እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። ከዚያ በፊት የደብዳቤ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር፤ ደብዳቤው ደጅህ ይመጣል፣ ገንዘብ ከሌለህ ይመለሳል። ሮውላንድ ሂል የሚባል ሰው «ላኪው አስቀድሞ ይክፈል፣ ዋጋው ለሁሉም አንድ ይሁን፣ መክፈሉን የምታሳይ ትንሽ ወረቀት ትለጠፍበት» አለ። በግንቦት 1840 የንግሥት ቪክቶሪያ መልክ ያለባት ጥቁር ቴምብር ወጣች፤ ዋጋዋ 1 ፔኒ። በዓለም የመጀመሪያዋ የፖስታ ቴምብር እሷ ናት፤ ሰብሳቢዎች «ፔኒ ብላክ» ይሏታል።

ወዲያው ችግር መጣ። ፖስታ ቤቶቹ ቴምብሯን የሚሰርዙበት ማኅተም የመስቀል ቅርጽ ያለው፣ አበባ የሚመስል ነበር፤ «የማልታ መስቀል» ይባላል። በቀይ ቀለም ነበር የሚመታው። ሕዝቡ ደግሞ ብልጥ ነው፤ ቀዩን ቀለም አጥቦ ቴምብሯን መልሶ መጠቀም ቻለ። ማኅተሙን በጥቁር እንምታው ቢሉ ጥቁር በጥቁር ላይ አይታይም። ስለዚህ በ1841 ገለበጡት፦ ቴምብሯ ቀይ፣ ማኅተሙ ጥቁር ሆነ። አስቡት፣ ቴምብሯ መልኳን የለወጠችው ለማኅተሙ ስትል ነው።

ከ68 ሚሊዮን በላይ ፔኒ ብላክ ታትማለች። ስለዚህ «የዓለም የመጀመሪያዋ» ብትሆንም ብርቅ አይደለችም። «አሮጌ ከሆነ ውድ ነው» የሚለውን ሐሳብ እዚህ ላይ ጣሉት፤ ቀብድ የሚያስከፍላችሁ እሱ ነው።

የማልታ መስቀሉን ማኅተም መንግሥት ነው ያደለው፤ ግን እያንዳንዱ በእጅ ስለተሠራ የአንዱ ከተማ ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። ያንን ልዩነት አይቶ «ይሄ ከዚህ ከተማ የተላከ ነው» ብሎ የሚለይ ሰብሳቢ አለ። ስፔን ደግሞ በ1850 የመጀመሪያ ቴምብሯን ስታወጣ የምትሰርዝበት ማኅተም መስመሮቹ ከመሃል ወደ ዳር የሚበተኑ ነበርና ሰዎቹ እስካሁን «ሸረሪት» ነው የሚሉት።

ትልቁ ጨዋታ ግን አሜሪካ ነው። እዚያ መንግሥት ቴምብር ሁሉ ይሰረዝ ብሎ አዘዘ፤ ለትንንሾቹ ፖስታ ቤቶች ግን መሰረዣ አልሰጠም። የፖስታ ቤት ኃላፊዎቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የጠርሙስ ቡሽ አንስተው በቢላ ይቀርጹ ጀመር። መጀመሪያ መስቀልና ኮከብ፣ ከዚያ ቅጠል፣ የራስ ቅል፣ እንስሳ። ኮነቲከት ውስጥ ዋተርበሪ በምትባል ከተማ ጆን ሂል የሚባለው የፖስታ ቤት ሰው ከ1865 ጀምሮ ለየበዓሉ አዲስ ይቀርጽ ነበር። በ1869 የቀረጻት የምትሮጥ ዶሮ በጥቂት ቀን ውስጥ አገልግላ አለቀች፤ ቡሽ ናትና ቶሎ ታልቃለች። ዛሬ ያቺ ዶሮ ያረፈችባቸው ጥቂት ፖስታዎች በጨረታ የሚሸጡት በመቶ ሺዎች ዶላር ነው። ሥሯ ያለችው ቴምብር ግን ተራ የ3 ሳንቲም ቴምብር ናት።

ገባችሁ? ዋጋው ያለው ወረቀቷ ላይ አይደለም። አንድ ሰው በአንድ ቀን በአንድ ቦታ የመታው ምት ላይ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ፤ መጀመሪያም ወደ ራሳችን ሰፈር።

እኛ አካባቢ ደብዳቤ ከቴምብር በፊትም ነበር። ይፋግ ዛሬ ከአዲስ ዘመን አጠገብ በመኪና በደቂቃ የምታልፏት ትንሽ ቦታ ትመስላለች እንጂ በ19ኛው መቶ ዘመን ስሟ የታወቀ ገበያና የቀረጥ በር ነበረች። አሞሌ ጨው፣ ጠገራ ብር፣ በቅሎ፣ ነጋዴ ከሰሜንም ከጎጃምም እዚያ ይገናኛል። ነጋዴ ባለበት ወሬ አለ፣ መልእክት አለ። ደብዳቤ በሰው እጅ ነው የሚሄደው፤ መልእክተኛው ወረቀቱን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክቶ ይዞ ይሮጣል። ቴምብር የለ፣ የቀን ማኅተም የለ። ማኅተም ካለም የላኪው የራሱ ማኅተም ነው፦ የንጉሡ፣ የራሱ፣ የደጃዝማቹ።

እንዲህ ዓይነት አንዲት ደብዳቤ ናት ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣችው። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ፤ ለቆንስሉ ለካሜሮን ሰጡት። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀመጠ፣ መልስ የሰጠ የለም። ንጉሡ ተናቅሁ ብለው ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። መልሱን የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም ምጽዋ ላይ ከዓመት በላይ ሲጠብቅ ቆይቶ ንጉሡ ዘንድ የደረሰው በ1858 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም ከእኛ ከፎገራ በታች ጣና ዳር ቆራጣ ሰነበተ። ከሦስት ዓመት በላይ! እናንተ ሰማያዊ ምልክት አይታችሁ በአሥር ደቂቃ ካልተመለሰላችሁ ታኮርፋላችሁ።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለው መንገድ የሚወስዳችሁ ጋፋት ላይ ሴቫስቶፖል ተሠራ፤ የእንግሊዝ ጦር በዙላ ወረደ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

ብዙ የማይታወቀው ይሄ ነው። ያ ጦር ሲመጣ የራሱን ፖስታ ቤት ይዞ ነው የመጣው። አብዛኛው ጦር ከሕንድ ስለተነሣ ወታደሮቹና መኮንኖቹ ደብዳቤያቸው ላይ የሚለጥፉት የሕንድን ቴምብር ነበር፤ የቪክቶሪያ መልክ ያለበት፣ «ኢስት ኢንዲያ» ተብሎ የተጻፈበት። እሱን የሰረዙበት ማኅተም ግን ለዚህ ዘመቻ የተዘጋጀ ነው፦ በመስመሮች በተሠራ ቅርጽ መሃል ሁለት የላቲን «ኤፍ» ፊደላት፣ «ፊልድ ፎርስ» ለማለት። ቴምብሩን ብቻ ብታዩት ቦምቤይ ተገዝቶ ካልካታ የተላከ ይመስላችኋል። ሁለቱ ፊደላት ናቸው «ይሄ ደብዳቤ ከሐበሻ ዘመቻ ነው» የሚሉት። በኢትዮጵያ ምድር የፖስታ ቴምብር በማኅተም ሲመታ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ መሆኑ ነው፤ ያውም በወራሪ ጦር እጅ። እኛን ደስ የሚለን ታሪክ አይደለም። ግን ታሪክ ነው፤ ማኅተሙ ባይኖር ደግሞ ማንም አይለየውም ነበር።

የራሳችን ቴምብር የመጣው ከ26 ዓመት በኋላ ነው። አፄ ምኒልክ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ፖስታ እንዲቋቋም ፈቀዱ። በዙሪያቸው ስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ፈረንሳዊው ሌዮን ሼፍኖ ነበሩ፤ የባቡር ሐዲዱንም ያስጀመሩት እነሱ ናቸው። ቴምብሮቹ ፓሪስ ታተሙ፤ ቅርጹን የሠራው ዩጂን ሙሾን የታወቀ ቀራጭ ነው፣ በኋላ ለፈረንሳይም በስሙ የሚጠራ ቴምብር ሠርቷል። ሰባት ዓይነት ናቸው፦ ሩብ፣ ግማሽ፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ግርሽ። አራቱ ርካሾች ላይ የምኒልክ መልክ አለ፤ ሦስቱ ውዶች ላይ የይሁዳ አንበሳ። ሩብ ግርሹ አረንጓዴ፣ 16 ግርሹ ጥቁር። 16 ግርሽ ማለት ያኔ አንድ ሙሉ ጠገራ ብር ነው። የልጁ ስክሪንሾት ላይ ያለው እሱ ነው።

ጊዜውን ልብ በሉት። የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር የምትገናኘው በጣልያን በኩል ነው ብላ ጣልያን የተከራከረችበት፣ ምኒልክም በ1885 ዓ.ም. ውሉን ያፈረሱበት ሰሞን ነው። ዓድዋ ገና ሁለት ዓመት ቀርቶታል። በእኛ ግምት ያቺ ቴምብር የደብዳቤ ዋጋ ብቻ አልነበረችም፤ «እኛ ራሳችን እንጽፋለን» የምትል ትንሽ ወረቀት ናት።

ግን ሁለት ነገር አለ፤ ሁለቱም የልጁን 20 ሺህ ብር ይነኩታል።

አንደኛ፣ ቴምብሮቹ ኢትዮጵያ ከመድረሳቸው በፊት ፓሪስ ላይ ለሰብሳቢዎች ተሸጡ። አገር ውስጥ ሥራ የጀመሩት በ1887 ዓ.ም. ነው። ፈረንጁ ገዝቶ በአልበም ውስጥ አስቀመጣቸው፤ ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፉ ቀሩ። ስለዚህ ምንም ማኅተም ያላረፈባቸው የመጀመሪያው እትም ቴምብሮች ዛሬም በብዛት አሉ፤ ውጭ አገር ነጠላቸው በጥቂት ዶላር ይገኛል። «ሚሊዮን» የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ እዚህ አገር ውስጥ በእውነት ደብዳቤ ይዘው የተጓዙት ጥቂት ናቸው። ያኔ የሚጽፈው ማን ነው? ቤተ መንግሥቱ፣ የውጭ ነጋዴው፣ መልእክተኛው፣ ሚስዮኑ። ፖስታ ቤቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እንጦጦ፣ ሐረር፣ አዲስ አበባ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. መሆኑን አስቡ፤ ከዚያ በፊት ፖስታው በእግርና በእንስሳ ጀርባ ነው ቆላውን የሚያቋርጠው።

ደግሞም ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ማኅበር አባል የሆነችው ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የእኛ ቴምብር ጅቡቲ ድረስ ነው ጉልበቱ። ወደ ፓሪስ ወይም ወደ ሮም የሚሄድ ደብዳቤ የምኒልክን ቴምብር ይለጥፋል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ጅቡቲ ሲደርስ ደግሞ የፈረንሳዮቹ ቴምብር ይጨመርበትና ሌላ ማኅተም ይመታበታል። በአንድ ፖስታ ላይ ሁለት መንግሥት፣ ሁለት ቴምብር፣ ሁለት ማኅተም፤ ጀርባው ላይ ደግሞ ያለፈበትና የደረሰበት ከተማ የቀን ማኅተም። ሰብሳቢዎች የሚጣሉበት ይሄንን ነው። እንደዚህ ያለ ሙሉ ፖስታ በእውነት ውድ ነው፤ ማኅተሙ ከሐረር እስከ ማርሴይ መንገዱን ሁሉ ይተርክላችኋልና።

እዚህ ላይ ፎርጅዱ ገባ። ባዶው ቴምብር ርካሽ፣ የተመታበት ውድ ከሆነ፣ ሌባ ምን ያደርጋል? ርካሹን ገዝቶ ራሱ ይመታበታል! ቴምብሩ ኦሪጅናል ነው፤ ማኅተሙ ፎርጅድ። በዓለም የቴምብር ዋጋ መዝገቦች ላይ ሳይቀር ለዚህ እትም «የሐሰት ማኅተም በብዛት አለ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይነበባል። ገንዘብን ፎርጅድ ከማድረግ በምን ይቀላል መሰላችሁ፤ ክብ ነገር መቅረጽ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ከዚያ በኋላ የወጡት ደግሞ ለቋንቋ ወዳጆች ይበልጥ ይጥማሉ። በእነዚያው ቴምብሮች ላይ እ.ኤ.አ. በ1901 በላቲን ፊደል «ኢትዮጵ» ተብሎ በፈረንሳይኛ አነጋገር ተጨመረ። በ1902 በእኛ ፊደል «ቦስታ» የሚል ተመታ። በ1903 ደግሞ «መልክት»። «ቦስታ» የጣልያኖቹ ፖስታ ነው፤ ዐረብኛ «ፐ» ስለሌለው በዐረቦች አፍ ሲያልፍ በ«በ» ተተካ። «መልክት» የራሳችን ቃል ነው። ሁለቱ ቃላት ለአንድ ሥራ ቴምብር ላይ ተፈራረቁ፤ ከዚያ «ፖስታ» አሸነፈ። «መልእክት» ግን አልሞተችም፤ አሁን ስልካችሁ ላይ «አዲስ መልእክት አለዎት» የምትላችሁ እሷው ናት። እነዚህም ጽሑፎች በእጅ የተመቱ ስለሆኑ ለፎርጅድ ያው የተመቹ ናቸው።

እሺ፣ ታዲያ በስልክ እንዴት ይለያል? ልጁን እንዲህ አልነው። መጀመሪያ ሻጩን «የጀርባውን ፎቶ ላክ» በለው። ደብዳቤ ላይ ተለጥፎ የነበረ ቴምብር ጀርባው ታጥቧል ወይም የፖስታ ወረቀት ይዟል። ፊቱ ላይ ማኅተም አለ፣ ጀርባው ላይ ደግሞ የፋብሪካ ሙጫው እንዳለ ያብለጨልጫል? እንግዲያው ያ ቴምብር ምንም ደብዳቤ ይዞ አልሄደም። ለሰብሳቢ ተብሎ የተመታ ነው፣ አለዚያም ፎርጅድ ነው።

ሁለተኛ፣ ማኅተሙ ላይ የቦታ ስም ይነበባል ወይ? ቀን ይነበባል ወይ? ጥግ ላይ ብቻ አምሮ ያረፈ፣ የአንበሳውን ፊት እንዳይነካ የተጠነቀቀ ማኅተም ይጠርጠር። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ስለ ውበት ግድ የለውም፤ መሃሉን ነው የሚመታው። እውነተኛ ማኅተም ብዙ ጊዜ ያስጠላል፦ ተዛብቷል፣ ቀለሙ ደፍርሷል፣ ግማሹ አልያዘም። የሚነበብ ቀን ካለ ደግሞ ከታሪኩ ጋር አስተያዩት፤ ከ1887 ዓ.ም. በፊት አገር ውስጥ የተመታ ነው ካለ ተሳስቷል ወይም እየዋሸ ነው።

ሦስተኛው ስልካችሁ የሚሠራው ነው። የካሜራውን የቅርብ ማንሻ ክፈቱና ቀለሙን አጉሉት። የፓሪሶቹ ቴምብሮች በድፍን ቀለም ነው የታተሙት፤ መስመሩ ድፍን ነው። በጣም ትንንሽ ነጠብጣቦች ካያችሁ የዛሬ ማተሚያ ቤት ሥራ ነው፣ ቴምብሩ ራሱ ፎርጅድ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ከፖስታው ጋር ነው ወይስ ተቆርጦ? ማኅተሙ ቴምብሩንና ፖስታውን አንድ ላይ ካላያያዘ ማረጋገጫው ግማሽ ነው። ቅድም ያልነው የውል ወረቀት ነገር ነው። ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ሲሆን ነው ማስረጃ የሚሆነው።

ልጁ ይሄን ሁሉ ለሻጩ ጻፈለት። መልሱ «ጀርባውን ቀብድ ለከፈለ ብቻ ነው የማሳየው» የሚል ነበር። ደግሞ ሲጠይቀው ብሎክ ተደረገ። ያ ቴምብር ፎርጅድ ነው ብለን አንምልም፤ በእጃችን አላየነውም። ጀርባውን የማያሳይ ሻጭ ግን ለምን እንደማያሳይ ለመገመት ሰብሳቢ መሆን አያስፈልግም። 20 ሺውም ልጁ ኪስ ቀረ፤ ጎማ ገዝቶበታል።

እውነተኛውን ማየት የምትፈልጉ አዲስ አበባ ስትሄዱ ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ጎራ በሉ፤ እዚያው የፖስታ ሙዚየም አለ። ውጭ አገርም በኢትዮጵያ ቴምብር ላይ ብቻ የተሰባሰቡ ሰዎች «የምኒልክ ጆርናል» የሚባል መጽሔት ያወጣሉ፤ የአንዲት ማኅተም ቀለበት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነች ገጽ ሙሉ ይከራከራሉ። እኛ ስናነበው መጀመሪያ ሳቅን፤ በኋላ ግን የእኛን አገር ወረቀት ከእኛ ይልቅ እነሱ ሲቆጥሩት አላሳቀንም። ሌላም አስታውሱ፤ እንዲህ ያለ አሮጌ ነገር ቅርስ ከሆነ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያስጠይቃል። «ዱባይ እልክልሃለሁ» የሚላችሁን ሰው ተጠንቀቁ።

ወሬው እዚህ ያበቃል ብለን ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጁ እንደገና ጻፈ። «አድሚን፣ አያቴ ሳጥን ውስጥ አሮጌ ደብዳቤዎች አሉ። ቴምብር አላቸው። ቆርጬ ላጥባቸው ወይ?»

እንዳትነካቸው! አልነው። በመቀስም፣ በውኃም፣ በማስቲሽም። ፎቶ ላክ።

ላከ። የምኒልክ አይደሉም፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መልክ ያለባቸው፣ በየቦታው ሞልተው የሚገኙ ቴምብሮች ናቸው፤ በገንዘብ ቢተመኑ ምንም አያወጡም። ደብዳቤዎቹ የአያቱ ታላቅ ወንድም ወታደር ሆኖ የላካቸው ናቸው። አራት ናቸው። ሰውዬው ደብዳቤው ላይ ቀን የመጻፍ ልማድ አልነበረውም፤ «ለእናቴ፣ እንደምን አለሽ፣ እኔ ደኅና ነኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ቤተሰቡ የሚያውቀው በ1965 ዓ.ም. ድምፁ እንደጠፋ፣ ከዚያም እንዳልተመለሰ ነው። ተዝካሩም የወጣው በዚያ ስሌት ነው።

አራተኛው ፖስታ ላይ ማኅተሙ ተዛብቷል። «አሥመራ» የሚለው ቴምብሩ ላይ ነው ያረፈው። ቀኑ ግን ከቴምብሩ ወጥቶ ወረቀቱ ላይ ነው የተመታው፤ ልጁ ቴምብሩን ቆርጦት ቢሆን ኖሮ ቀኑ ከፖስታው ጋር ተጥሎ ነበር። ፎቶውን አጉልተን አነበብነው፤ በፈረንጅ ነው፦ 14፣ 3፣ 74። ቆጠርነው። መጋቢት 5 ቀን 1966 ዓ.ም.።

ልጁ ለአያቱ አነበበላቸው። ዝም ብለው ቆይተው እንዲህ አሉ አለን፦ «ልጄ፣ እንግዲያማ እኛ ከምናለቅስበት በላይ አንድ ዓመት ኖሯል።»